የየኔታ ግራ ኩላሊት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ሚስቴ አታውቀውም። የነፍስ አባቴ ጾም ሲገባ ሲያናዝዙኝ ትንንሹን ኃጢአቴን ሁሉ እየዘረዘርኩ ይህን አንዱን ዘልዬው አልፋለሁ፤ እሳቸውም ደግ ሰው ስለሆኑ ሌላ አለ ወይ ብለው አይጨቀጭቁኝም። አንተ የምታነበኝ ሰው የመጀመሪያው ሰሚዬ ነህ። ስለማላውቅህ ይሆናል የቀለለኝ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር እወቅልኝ፤ ኩሩ ሰው ነኝ። ደረቴን እየደቃሁ፣ እያለቃቀስኩ የምናዘዝ እንዳይመስልህ። በእጆቼ እኮራለሁ፤ የሚያኮሩ እጆች ናቸው። የአምበር ገበሬ ልጅ ሆኜ ቀዶ ጥገና ተማርኩ፤ አብረውኝ የተመረቁት አዲስ አበባ ሲቀሩ እኔ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ኩላሊቱ ላይ እብጠት የተገኘበት የአካባቢያችን ሰው ዘመድ አዝማድ አስከትሎ ዓባይን ተሻግሮ ነበር የሚታከመው። ዛሬ ከአማኑኤልም፣ ከቢቸናም፣ ከደብረ ወርቅም ወደ እኔ ይላካል።

ኩላሊት ላይ የበቀለ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። አብዛኛው ነው፤ ጥቂቱ ግን ካንሰር መስሎ ይታይና ማንንም አይገድልም። ያን ጥቂቱን ለይቶ ማወቅ ከባድ ነው፤ አስተማሪዎቻችንም ይሳሳቱበታል። እኔ ለይቼዋለሁ። ተስፋ ቆርጠው፣ ንብረታቸውን ተናዝዘው የመጡ ሰዎችን «ይሄ ካንሰር አይደለም፤ ሂዱና ጤፋችሁን እጨዱ» ብዬ መልሻለሁ። መለየት ሲያቅተኝም አልቻልኩም እላለሁ፤ ይህን ማለት የሚችል ቀዶ ሐኪም ስንት አለ? በዚህ ስሜ ይነሣል፤ ሲነሣም ደስ ይለኛል። ይህን ዕውቀት ከየት እንዳመጣሁት ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ከየኔታ ልሳነወርቅ ግራ ኩላሊት ነው ያመጣሁት።

የኔታ ልሳነወርቅ ደብረ ወርቅ አካባቢ ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ቁመታቸው አጠር፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አንጓች በዕድሜ ከእሳቸው ብዙ ታንሳለች፤ የእኔ እኩያ ናት። ልጅ አልወለዱም። ከየአገሩ ቅኔ ሊማር የመጣ ተማሪ ሁሉ ግን «እናቴ» ነበር የሚላት፤ ሲታመም የምታስታምመው፣ ልብሱ ሲቀደድ የምትሰፋለት እሷ ነበረች።

ወደ እኔ የመጡት ለጨጓራቸው ነበር። ሆዳቸውን በአልትራሳውንድ ስናይ ያልጠበቅነው ነገር አገኘን፤ ግራ ኩላሊታቸው ላይ ክብ እብጠት። አያማቸውም፤ ሽንታቸው ንጹሕ ነው፤ ሰውነታቸው አልከሳም። ባሕር ዳር ሄደው ሲቲ ስካን ተነሥተው እንዲመጡ አደረግሁ።

ምስሉን አብራኝ ያየችው ዶክተር ሰሚራ ናት። ሰሚራ የጅማ ልጅ ናት፤ በምደባ ወደ እኛ የመጣች የራጅ ሐኪም። እያጎላች እያሳነሰች መረመረችው። እብጠቱ ወጥ ነው፤ ዙሪያው ጥርት ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ ኮከብ የመሰለ ጠባሳ አለው።

«ዶክተር፣ ይሄ ኦንኮሳይቶማ ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ኦንኮሳይቶማ ከማይገድሉት አንዱ ነው። «ካንሰርም እንዲህ ያለ ጠባሳ ሊኖረው ይችላል፤ በምስል ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን እብጠቱ ያለው ጫፍ ላይ ነው። እሱን ብቻ ለይቶ የሚያወጣ ሰው አዲስ አበባ አለ፤ ኩላሊታቸው ይተርፍላቸዋል። ብንልካቸውስ?»

ብንልካቸውስ አለች። እውነቷን ነበር፤ እውነቷን እንደሆነም አውቄ ነበር። እብጠቱን ብቻ ለይቶ ማውጣት እኔ ብቻዬን ሠርቼው አላውቅም። ኩላሊቱን ሙሉውን ማውጣት ግን እችላለሁ። እንግዲህ እኔ፣ የደብረ ማርቆሱ ቀዶ ሐኪም፣ በአገሩ የታወቁትን የቅኔ መምህር «እኔ አልችልምና ሌላ ፈልጉ» ብዬ በአውቶቡስ ልሸኝ? አምበር ገበያ ላይ ስሜን ከፍ አድርገው የሚጠሩት ሰዎች ምን ይሉኛል? ስለ የኔታ ኩላሊት ማሰቤን ትቼ ስለ ራሴ ስም ማሰብ የጀመርኩት እዚያው ምስሉ ፊት ቆሜ ነው። ሰሚራን ልምድ እንደሌላት ሰው ቆጥሬ ፈገግ አልኩባት። እኛ ዘንድ እስካለች ድረስ ይህን ጉዳይ ዳግመኛ አላነሣችብኝም።

የኔታንና ባለቤታቸውን ቢሮዬ አስቀምጬ «የኔታ፣ ካንሰር ነው። ኩላሊቱ መውጣት አለበት» አልኩ። ሊሆን ይችላል አላልኩም። እንጠረጥራለን አላልኩም። ነው አልኩ። አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። የኔታ ግን «ይሁን፤ ፈጣሪ ሁለት አድርጎ የሰጠን ለእንዲህ ያለው ቀን ይሆናል» ብለው እሷን ሊያጽናኑ ሞከሩ።

ቀዶ ጥገናው ያማረ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም ብል እዋሻለሁ። ደም ብዙም አልፈሰሳቸውም፤ ረዳቶቼ ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አላነሡም። ኩላሊቱን አውጥቼ ሳሕኑ ላይ ሳስቀምጠው ከእብጠቱ በቀር ያለው ክፍል ለስላሳና ጤነኛ ነበር። አየሁት። ጤነኛ መሆኑን አየሁና ፊቴን ወደ ስፌቱ መለስኩ።

የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር አዲስ አበባ ላክሁት። ሰሚራ ውጤቱ ሳይመጣ ዝውውር አግኝታ ወደ ጅማ ሄደች። የመረመረው ሐኪም የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ ስልክ ደወለልኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ፤ ካንሰር አይደለም» አለኝ። «ኦንኮሳይቶማ ነው። ሰውዬው ነፃ ናቸው።»

እስቲ ፍረደኝ። አንድ ሰው ካንሰር እንደሌለበት ተነግሮት እንደ መርዶ የሚሰማ ሐኪም አይተህ ታውቃለህ? እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ደስታውን ሊያካፍለኝ ነበር የደወለው። አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁ። በዚያ ሰዓት ወደ ደብረ ወርቅ ሰው ልኬ «ደስ ይበላችሁ» ማስባል እችል ነበር። አላደረግሁትም፤ ምክንያቱም «ደስ ይበላችሁ» ለማለት አስቀድሞ «ተሳስቼ ነበር» ማለት ያስፈልግ ነበር። ኩላሊቱን በማውጣቴ የሚወቅሰኝ ሐኪም ጥቂት ነው፤ በጥርጣሬ የሚያወጣው ብዙ ነውና። ስለ ቢላዋው አይደለም የምናዘዘው። የምናዘዘው ከቢላዋው በኋላ ስለ ሠራሁት ነው።

ከስልኩ ሳምንት ሳይሞላ የኔታ ቁስላቸውን ሊያሳዩኝ መጡ። አንጓች ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ቁስሉ ድኗል። ልብሳቸውን አስተካክለው ከተቀመጡ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከቢላዋህ ሥር ሳልገባ ተስያለሁ። ይሄ በሽታ የሚመለስ ከሆነ፣ የቀረችኝን ዕድሜ ቆብ ጭኜ፣ ገዳም ገብቼ ልጨርሳት ብዬ። የማይመለስ ከሆነ ግን ጉባኤዬን አላጥፍም፤ አንጓችንም አልተዋት። ስለቴ ይሄ ነው። አንተ ታውቃለህና ንገረኝ፤ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?»

አንባቢዬ፣ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ጥያቄ በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም። አይመለስም ብል ይበቃ ነበር። ስሕተቴን እንኳ ሳልናገር፣ «አይመለስም፤ ወደ ጉባኤዎ ይመለሱ» ብላቸው ይበቃ ነበር። ነገር ግን ይህን ያህል እርግጠኛ ከሆንኩ «እንዴት አወቅህ?» ይሉኛል። ሰው ይጠይቀኛል። ውጤቱ ይነሣል። እኔም ካንሰር ነው ስል ያን ያህል እርግጠኛ የነበርኩት ሰው በዚያች ደቂቃ ድንገት ትሑት ሆንኩ።

«የኔታ፣ ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው» አልኩ። «እኛ የምንችለውን አድርገናል። በየዓመቱ እየመጡ እንከታተልዎታለን።»

አየኸኝ? በፈጣሪ ስም ተሸሸግሁ። የተናገርኩት ቃል እያንዳንዱ እውነት ነው፤ ድምሩ ውሸት ነው። የኔታ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ገባኝ» አሉ። ሐኪም በሽተኛን ላለማስደንገጥ የሚናገረውን አነጋገር ያውቁታልና፣ ሞታቸውን በጨዋ ቋንቋ የነገርኳቸው መሰላቸው። አንጓች መሬት መሬቱን ታይ ነበር። እኔ አውቅ ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

ባለትዳር ሰው የሚመነኩሰው የትዳር ጓደኛው ሲፈቅድ ነው። አንጓችን ጠየቋት። ፈቀደች። ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ የፈቀደችው ሞት ሊወስድባት ከሆነ እግዚአብሔር ቢወስድላት ይሻላል ብላ ነው። በስንብቱ ቀን እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ከመምህራኑ ጎን፣ ከፍ ካለው ቦታ አስቀመጡኝ። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ስለ መምህራቸው ቅኔ ተቀኙ፤ ከመካከላቸው አንዱ ስለ እኔም ተቀኘ። ግእዙ ሁሉም ባይገባኝም ሐኪሙ መባሌን ሰማሁ፤ ሽማግሌዎቹም ወደ እኔ ዞረው በአድናቆት አዩኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር ብያለሁና እናገራለሁ፤ በዚያ ቤት ውስጥ በዚያ ቀን ልቤ በኩራት ሞላ። የኔታ ተማሪዎቻቸውን ለየመምህሩ ሲያከፋፍሏቸው፣ ይህን ወደ ጎንጅ፣ ያንን ወደ ሌላ ደብር ሲመድቡ፣ እኔ የቀረበልኝን ጠላ እየጠጣሁ ነበር።

ሰው ሲመነኩስ ለዓለም ሞቷል ተብሎ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል። ለሞተ ሰው የሚደገመው ጸሎት ለየኔታ በሕይወታቸው ተደገመላቸው፤ ያስደገመው የእኔ ቃል ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ካለ ገዳም ገቡ። ቤቱ ባዶ ሆነ። አንጓች ደብረ ወርቅን አልቻለችውም፤ ማርቆስ መጥታ ከዘመድ ተጠግታ ጥጥ እየፈተለች መኖር ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ምን ሠራሁ? ሠራሁ፤ ይህንንም ልንገርህ። ከጸጸት ነው እንዳልል ብዙው ከኩራት ነው። ዳግመኛ እንደዚያ ያለ ስልክ እንዲደወልልኝ አልፈለግሁም። ፈቃድ ወስጄ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ከእኔ በዕድሜ ከሚያንስ ሐኪም ሥር እንደ ተማሪ ቆሜ እብጠቱን ብቻ ለይቶ ኩላሊቱን የማትረፍ ሙያ ተማርኩ። እነዚያን ብዙ ሰው የማያውቃቸውን ክፉ ያልሆኑ እብጠቶች አንድ በአንድ አጠናሁ። የሚያጠራጥረኝን ምስል ጅማ ድረስ ለሰሚራ እልክላታለሁ፤ እስከ ዛሬ ትመልስልኛለች። አንድ ጊዜ ስለ የኔታ ጠይቃኝ «ድነዋል» አልኳት። ለወጣት ሐኪሞቼ «ነው ከማለታችሁ በፊት ይሆናል ማለት ልመዱ» እላለሁ። ይህን ሲሰሙ ትሕትናዬን ያደንቁልኛል፤ እኔም አድናቆታቸውን እቀበላለሁ።

የኔታ በየዓመቱ ይመጡ ነበር። ቆቡና ቢጫው ልብስ ያምርባቸዋል፤ ስማቸው ተለውጦ አባ ተብለዋል፤ ለእኔ ግን የኔታ እንደሆኑ ቀሩ። ደህና ናቸው፤ ለምን ደህና አይሆኑም? «አንዷን ኩላሊቴን ይዤ መጣሁልህ» ይሉኛል። በገዳሙ ካንሰር የተዋቸው አባት እየተባሉ ይነገርላቸዋል። አልትራሳውንዱን አይቼ «ምንም የለም» ስላቸው በመስቀላቸው ባርከውኝ ይሄዳሉ። ያልነበረ በሽታ አለመመለሱን በየዓመቱ አበሥራቸዋለሁ። ከዚህ ክፍል ወጥተው በእግር ጥቂት ቢሄዱ አንጓች ትኖራለች፤ አይሄዱም፤ ሥርዓቱ ነው።

በዚህ ዓመት አንጓች ራሷ መጣች። ጎኗን አሟት ነበር። አልትራሳውንዱን ሳሳርፍባት ቀኝ ኩላሊቷ ላይ ትንሽ፣ ነጭ ሆና የምታበራ እብጠት አየሁ። እሷም የእኔን ፊት አየች። «ኩላሊቴ ነው?» አለች። ሲቲ ስካን አስነሣኋት፤ እስከዚያ ድረስ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ተሳልማለች። ምስሉ ሲመጣ እብጠቱ ውስጥ ስብ አለ፤ ስብ በሲቲ ላይ ጥቁር ሆኖ ይለያል። ለሰሚራም ልኬላት እንደ እኔው አለች።

«ወይዘሮ አንጓች፣ ካንሰር አይደለም» አልኳት። «ስብና የደም ሥር ተጠላልፎ የሚፈጥረው እብጠት ነው። ትንሽ ነው፤ አይነካም። ጎንዎን ያመመዎት የጡንቻ ሕመም ነው፤ ይተውዎታል። ይቺን እየመጡ እናያታለን፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም።»

ይህን ጊዜ «ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ የመናገር መብት ነበረኝ፤ ተናገርኩም፤ ኮራሁም። አንጓች ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ስትጨርስ እንባዋን ጠርጋ «ምነው የእሳቸውም እንዲህ በሆነ ኖሮ» አለች። ተነሥታም እጄን ሳመችው። «ለሁለታችንም የደረሱልን እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

እጄን አልነጠቅኋትም። አፌም አልተከፈተም። የመጀመሪያው ዝምታዬ ወጣት ሳለሁ፣ ስም ሳወጣ ነው ብዬ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። የዛሬው ዝምታዬስ? ሙያውን አውቄ፣ ስሜን አውጥቼ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ የምትወደውን ባሏን ያሳጣኋት ሴት እጄን ስትስም ዝም ያልኩት የቱ ወጣትነት ይዞኝ ነው?

አሁን ራሴን የማታልልበት አዲስ ምክንያት አግኝቻለሁ። ቆብ አንዴ ከተጫነ አይወልቅም፤ የኔታ በገዳማቸው ሰላም አግኝተዋል፤ ለምን ልረብሻቸው? መልካም ምክንያት ይመስላል። ያን ጊዜ በፈጣሪ ስም ተሸሸግሁ፤ ዛሬ ደግሞ በየኔታ ሰላም ልሸሸግ ነው። እሳቸውን እንደሆነ አልፈራም። ብነግራቸው ወዲያው ይቅር ይሉኛል፤ ባርከው ይሰድዱኛል። እኔ የምፈራው አንጓችን ነው። ለእሷ የምመልስላት ቤት የለም፣ ጉባኤ የለም፣ ባል የለም።

አንባቢዬ፣ አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም። ምን በድዬህ? ዛሬም ኩሩ ነኝ፤ ባተረፍኳቸው ኩላሊቶች እኮራለሁ፤ ግን እነሱን ሁሉ ደምሬ በአንዱ በየኔታ ኩላሊት ላይ ላስቀምጥና ዕዳዬ ተከፈለ ልበል? አልልም።

አንጓች ከፋሲካ በኋላ ለክትትል ትመጣለች። ሳትተኛ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳለች ሁሉን እነግራታለሁ። ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስለ ኩላሊቱ አትጠይቀኝም። ተሳሳትክ አትለኝም፤ ሰው ይሳሳታል የምትል ሴት ናት። አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች፤ «ዶክተር፣ መቼ ነው ያወቁት?» ትለኛለች።

እኔም እመልስላታለሁ። «እርስዎ ቆቡን ገና ሳይፈቅዱላቸው ነው።»